ዘይት ለምትበላ መኪና የሚሆን ካንዴላ

እንደ ምክር በነጻ የሚታደል ነገር አላየሁም። ጅቡቲ ውስጥ ውሃ እንኳን ይሸጣል። ምክር ከፈለጉ ግን የመኪናዎን ኮፈን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ ስድስት ሰው ከየት መጣ ሳይባል አንገቱን ያስገባል። እኔም ከስድስቱ አንዱ ነበርኩ። የትራንዚት ጸሐፊ ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር ቢኖር እጅ እንደሚያቆሽሽ ነው። ቢሆንም መክሬያለሁ።

ነገሩ የሆነው አዲሱ ባቡር ሳይመጣ፣ የአዲስ አበባ ጭነት በተሳቢ በሚጓጓዝበት ዘመን ነው። ጋሽ ኢብራሂም ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። ከአባታቸው የወረሷት አንዲት ነጭ የፈረንሳይ መኪና ነበረቻቸው፤ በዕድሜ እኔን ታስከነዳለች። ውጪዋ ያምራል፤ ሞተሯ ግን ዘይት ይበላል። የፒስተኑ ፋሻ ስላለቀ ዘይቱ ወደ ላይ እየወጣ ይጨሳል፣ ካንዴላውንም ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ ካንዴላ እሳት አይሰጥም፤ ያኔ መኪናዋ መንገድ መሃል ቀጥ ትላለች።

በዚህ መሃል ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ አኮረፉ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አምቡሊ ሰፈር ያሉትን እህታቸውን ለመጠየቅ ባልና ሚስት አብረው ይሄዱ ነበር፤ አንድ ቀን ግን እትዬ ዘይነባ «ከእንግዲህ በታክሲ ነው የምሄደው» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ጋሽ ኢብራሂም ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሚስታቸው የተቀመጡበት ወንበር ባዶ መሆኑን አልቻሉትም። የሱቁ ደጃፍ ቆመው ታክሲዋን በዓይናቸው ሲሸኙ አይቼ አንጀቴን በልተውታል። እና የካንዴላው ምርጫ ቀልድ እንዳይመስልዎ። ሚስትን ወደ ባሏ ጎን የመመለስ ጉዳይ ነበር።

አማካሪዎቹ ሱቁ በር ላይ የሚያርፉት የአገራችን የተሳቢ ሹፌሮች ናቸው። ቀትር አልፎ ጫቱ ሲደርስ ምክሩም ይደምቃል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ተሳቢ በምን ይሄዳል? በናፍጣ። የናፍጣ ሞተር ስንት ካንዴላ አለው? ምንም። ዕድሜ ልካቸውን ካንዴላ አልባ ሞተር ሲነዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ስለ ካንዴላ ጉባኤ የተቀመጡት። ውሳኔውም በአንድ ድምፅ አለፈ፤ ካንዴላ ቀዝቃዛና ትኩስ የሚባል ዓይነት አለው፣ ጅቡቲ ደግሞ እሳት ናት፣ ስለዚህ ቀዝቃዛው ይገዛ። እኔም «እንዴታ!» አልኩ። ተገዛ፤ በሳምንቱ ጠቆረ። ከእሱ የባሰ ቀዝቃዛ ተገዛ፤ ሦስት ቀን አልቆየም።

በመጨረሻ የሰፈሩ መካኒክ ሮብሌ ተጠራ። የጠቆረውን ካንዴላ አገላብጦ አየና፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ቡዢ የሚመረጠው ሞተሩን አይቶ ነው፤ ፀሐዩን አይቶ አይደለም» አለ፤ ካንዴላን እንደ ፈረንሳዮቹ ቡዢ ነው የሚለው። ቀዝቃዛው ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያስወጣ ጫፉ ላይ ያረፈውን ዘይት ማቃጠል አይችልም። አንድ ደረጃ ትኩስ የሆነው ግን ሙቀቱን ይዞ ራሱን ያጸዳል። «ጭሱን አያስቀርም፤ ፋሻው እስኪቀየር በሽታው አለ። ግን መንገድ ላይ አትቆምም።»

ጋሽ ኢብራሂም ስለ ጭሱ ተጨነቁ። ሚስታቸው ያኮረፉት በጭሱ መስሏቸው ነበር። እኔን ጠርተው፣ «እስቲ አንተ ልጅ፣ ጭሱን ትችለው እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉኝ። ለሽምግልና ሄድኩ።

እትዬ ዘይነባ ሳቁብኝ። «አቦ የምን ጭስ! ጭሱ ምን አደረገኝ? መኪናዋ በቆመች ቁጥር ኮፈን ይከፍትና ከሹፌሮቹ ጋር ወሬውን ይይዛል፤ እኔን እዚያ ሐሩር ላይ ይረሳኛል። ባለፈው ወርጄ በእግሬ ስሄድ እንኳን አላየኝም።»

ይህን ልነግራቸው በጥድፊያ ተመለስኩ። ስደርስ ሮብሌ ትኩሶቹን ካንዴላዎች እየገጠመ፣ ሰው ሁሉ ሞተሩ ላይ አፍጥጧል፤ እኔም አንገቴን አስገባሁ። መኪናዋ ቁልፍ እንደነካት ተነሳች። ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሽ ኢብራሂም «ምን አለች?» ሲሉኝ፣ «ጭሱ ግድ አይሰጠኝም ብለዋል» አልኩ። የቀረውን እረሳለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ግን ረሳሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዓርብ ደረሰ። እትዬ ዘይነባ ምርጥ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡና ጋሽ ኢብራሂም ጎን ተቀመጡ። የሰውዬው ፊት እንደ ሙሽራ በራ። መኪናዋ እያጨሰችም ቢሆን ያለ አንዳች መንገጫገጭ መንገድ ጀመሩ። ከሱቁ ወረድ ብሎ ያለው ማዞሪያ ጋ ሹፌሮቹ ከእኔ ጋር ቆመው ነበር፤ አንዱ «ጋሼ፣ ትኩሱን አሳዩን እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

መኪናዋ አልቆመችም። ጋሽ ኢብራሂም አቆሟት።

ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ሁላችንም ተሰበሰብን፤ ቀዝቃዛውን የመከሩት ሳይቀሩ «ድሮም ትኩስ ነው ያልነው» እያሉ አወሩ። ኮፈኑ ሲዘጋ ወንበሩ ባዶ ነው፤ እትዬ ዘይነባን የያዘችው ታክሲ መታጠፊያው ጋ ደርሳለች። ጋሽ ኢብራሂም መኪናዋ ውስጥ ገብተው ተከተሏት።

በካንዴላው አይፈረድም። መኪናዋ ከታክሲዋ ኋላ ኋላ እያለች፣ እስከ አምቡሊ ድረስ ሞተሯ አንድም ጊዜ አልጠፋባቸውም።