የሶስና መንጋጋ ጠያቂዎች

ድሬዳዋ ስለምንኖር ሙቀቱን አስባችሁ አትዘኑልን፤ እኛ በስኳር አካክሰነዋል። ሻያችን፣ ስኳር ላይ ትንሽ ሻይ ጠብ የተደረገበት ነው። «ስኳሩን ቀነስ አድርጉልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ አስተናጋጇ ሐዘን የደረሰበት ይመስል አንጀቷ ይላወሳል። ጣፋጭ የማይነካ የድሬ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ሐኪም የከለከለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣፋጭ መጨረሻው የት ይመስላችኋል? የልጆቻችን መንጋጋ ላይ። በቀደም ልጄ ሶስና የምትማርበት ትምህርት ቤት የጥርስ ሐኪሞች መጥተው የሁለተኛ ክፍሎችን አፍ እያስከፈቱ ሲያዩ ዋሉ። የበሰበሰ ጥርስ ያለበትን ከመለየት፣ የሌለበትን ፈልጎ ማጨብጨብ ይቀል ነበር አሉ። እኔም ስቄ ነበር፣ አንዷ ሐኪም እስክታስጠራኝ ድረስ።

«ይሄኛው የወተት ጥርስ ስለሆነ ይነቀላል፤ ሌላ ይተካል» አለችኝ የሶስናን አፍ እያሳየች። «ከጎኑ ያለው ግን ቋሚ ነው፤ እሱንም መበስበስ ጀማምሮታል። ጣፋጭ ካላቆመች ይሄዳል፤ ምትክ የለውም።»

እኔ ቤት ከረሜላ አይገባም እኮ! ግን የድሬ ልጅ የሰፈሩ ሁሉ ልጅ ነው። በዒድ ከጎረቤታችን ከአዴ ፋጡማ ቤት ሐላዋ፣ በፋሲካ ከጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ከጋሽ ግርማ ቤት ኬክ፣ በአዘቦቱ ደግሞ ከሁለቱም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ጎረቤቶቼ አንዳንድ ሎሚ ይዘው አጊጠዋል፤ ሸክሙ የወደቀው የልጄ ጥርስ ላይ ነው።

ጥርሱ በነጋታው ተነቀለ። ለቅሶዋ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከክሊኒክ እንደተመለስን በየበሩ እየዞርኩ «ስለ ፈጣሪ፣ ለዚህች ልጅ ጣፋጭ አትስጡብኝ» ብዬ ለመንኩ። ሁሉም ከንፈር መጠጡልኝ። አዴ ፋጡማማ «ወላሂ! ጤፍ የምታህል ጣፋጭ ከእጄ አይወጣም» ብለው ማሉ።

አሥር ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። አዴ ፋጡማ ናቸው፤ የታመመ ሊጠይቁ። የታመመ ደግሞ በባዶ እጅ አይጠየቅም። በሰሃን የሸፈኑትን ሲገልጡት ሐላዋ ነው።

«አዴ፣ ቅድም ምን ብለን ነበር?»

«አቦ ተወኛ! እሱ ለጤነኛ ልጅ ነው፤ ይቺ ታማሚ ናት። ደግሞ ሐላዋ ምን ጥርስ ይፈልጋል? አፍ ውስጥ ይሟሟል!»

እሳቸው ሳይቀመጡ ጋሽ ግርማ የማንጎ ጭማቂና ብስኩት ታቅፈው ገቡ። «ደም ፈሷታል፣ ይተካላት እንጂ» አሉ። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ሌሎች ጎረቤቶች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የጠያቂን እጅ መመለስ ሰፈር ለመልቀቅ መሰናዳት ነው። ተቀበልኩ፤ አመሰገንኩ፤ ሶስና እንዳትደርስበት ቁም ሳጥኑ ላይ ደረደርኩት። መርቀውኝ ሄዱ።

ሶስና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በተነቀለው ጥርስ ቦታ ያደረጉላትን ጥጥ ነክሳ ቁም ሳጥኑን ሽቅብ ታያለች። እንባዋ ደርቋል። ቀስ ብላ ጥጡን ከአፏ አወጣች።

«አባዬ፣ ያኛው ጥርስስ መቼ ነው የሚነቀለው?»