በር ያሳጡኝ ጎረቤት

በየሰፈሩ፣ ዕቃ ሁሉ ከየት እንደመጣ ካላወቀ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ሰውዬው እናንተ ናችሁ።

የእኛው የሚኖሩት ከበላያችን ፎቅ ነው። ዕድሜያቸውን በጉምሩክ ፈታሽነት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሥራው ለቀቃቸው እንጂ ጥያቄው አልለቀቃቸውም፤ ያዩትን ሁሉ "ከየት መጣ?" ይላሉ። እኔና ባለቤቴ በድብቅ "ሊቀ ምክንያት" የሚል ማዕረግ ሰጥተናቸዋል።

በክቡር ሊቀ ምክንያት ፊት ብስኩት በሰላም አይበላም። "ዘይቱ ከየት መጣ? ከፓልም ዛፍ። ፓልሙስ የት በቀለ? የዝናብ ደን ተመንጥሮ!" ይላሉ፤ ብስኩቱ እጅ ላይ ይቀራል። ሳሙናም ያው ነው። የሥጋ ነገርማ አይነሣ፤ ከብቱ የጋጠበት ሜዳ ትናንት ጫካ ነበር። አንድ ቀን ውሃ ጠፍቶ፣ የዛፍ ትንፋሽ እንዴት ደመና እንደሚሆን ደረጃው ላይ አቁመው ሲያስረዱኝ ቆዩ። ለካ ዘበኛው ቧንቧውን ዘግቶት ኖሯል።

ይህን ሁሉ ችዬ ስኖር የመታጠቢያ ቤታችን በር በእርጥበት በስብሶ ወደቀ። ያውም አማቴ ለሕክምና እኛ ጋ ሊሰነብቱ ቅዳሜ ሊመጡ። አማቴ በሰው ፊት ጫማ ማውለቅ እንኳ የሚያሳፍራቸው ሴት ናቸው።

አናጢው ጋ ስሄድ ሊቀ ምክንያት ደረጃው ላይ ያዙኝና፣ የአማቴን መምጣት እያወራኋቸው አብረን ሄድን። አንድ ቀይ፣ ከባድ፣ የሚያምር በር ቆሟል። በጣታቸው አንኳኩት።

"ከየት መጣ?"

"ከመጋዘን ነው፣ አባቴ" አለ አናጢው።

"መጋዘን ዛፍ ያበቅላል?"

አናጢው እኔን አየኝ፤ እኔ በሩን አየሁ።

"አየህ የኔ ልጅ፣" አሉኝ፣ "መጀመሪያ ለአንድ ውድ ግንድ ሲባል ጫካው መሃል መንገድ ይጠረጋል። በመንገዱ መሬት ያጣ ገበሬ ይገባና የቀረውን አቃጥሎ ያርሳል። አፈሩ ስስ ነው፤ ትንሽ አብቅሎ ይደክማል። ከዚያ ከብት ይገባል። ዛፍ ከሌለ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል፣ ዓሣው ያልቃል። ዝናቡ ራሱ ይቀንሳል። ይሄ ሁሉ ለምን? አንተ ልትታጠብ!"

"ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? ገበሬው ነው?" አልኩ ግራ ገብቶኝ።

"እሱ ምን ያድርግ? ልጆች አሉት።"

"ዛፍ ቆራጩስ?"

"ቀጣሪ አለው።"

"እኔ ነኝ ማለት ነው?"

"አንተማ በር የለህም" አሉ። እሳቸውም ግራ የገባቸው መሰለኝ።

የብረት በር ስጠይቅ፣ ማዕድኑ የወጣው ደን ተቆፍሮ ቢሆንስ አሉ። የፕላስቲክ ስል ነዳጁን አነሡ። አናጢው ትዕግሥቱ አለቀና "እንግዲህ በወሬ ዝጉት!" አለን።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በበሩ ቦታ መጋረጃ ሰቅላለች። የሆነውን ነገርኳት።

"እናቴ ለማታውቀው ጫካ ብላ መጋረጃ ውስጥ ልትታጠብ ነው?"

"ነገሩ እኮ ውስብስብ ነው…"

"ቅዳሜ በር ከሌለ እህቴ ጋ ይዣት እሄዳለሁ። አንተ ከሊቀ ምክንያትህ ጋር ተወያይ።"

የእህቷ ቤት ከሐኪሙ የትና የት ነው። አማቴ ደግሞ እግራቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ ዓርብ ዕለት እንደ ሌባ ተደብቄ አናጢው ጋ ሄድኩ። ቀዩን በር ጫንልኝ ልለው ስል "ከየት መጣ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ማንም የለም። የተናገርኩት እኔው ነኝ።

"አንተንም ያዘህ!" አለ አናጢው፤ ትቶኝም ወደ መጋዙ ተመለሰ። ባዶ እጄን ወጣሁ። በጣም ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸው ይሁን በራሴ ግን አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ሻንጣ ስታዘጋጅ ከላይ ፎቅ የመዶሻ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ደረጃው ላይ አንድ ነገር ይጎተት ጀመር። ብወጣ፣ ሊቀ ምክንያት ነጭ ቀለም የተቀባ አሮጌ በር ተሸክመው እያለከለኩ ይወርዳሉ።

"ይሄስ ከየት መጣ?" አልኳቸው፣ ልበቀላቸው ፈልጌ።

ረጅም ማብራሪያ ጠበቅኩ።

"ከእኔ ቤት" አሉ።

"እንዴ! የእርስዎስ መታጠቢያ ቤት?"

"እኔ ብቻዬን ነኝ። በር ማንን ብዬ እዘጋለሁ?"

በሩን ተቀበልኳቸውና ማጠፊያውን አብረን መታነው። መቃኑ ላይ ትንሽ ይይዛል፤ ገፋ ሲያደርጉት ግን ይዘጋል። አማቴ መጥተው ገቡ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ሰማን። ባለቤቴ ሻንጣውን ወደ ቦታው መለሰችው።

ስለ ደኑ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ፣ ብስኩቱን ልብላው ወይስ ልተወው፣ አላውቅም። ሰውዬውን ግን እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ለባለቤቴም ተናግሬአለሁ።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃችንን ይዤላቸው ወጣሁ። ተቀበሉኝና እንደ ልማዳቸው ጠርዙን ገልብጠው የፋብሪካውን ጽሑፍ ይፈልጉ ጀመር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው።

"ከእኛ ቤት ነው፣ ጋሼ።"

አፋቸውን ዘጉና መጋረጃውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ።