«የሚቆርጥ ነገር ይዘሃል?»

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ሞተር ሳይክል ተነስቶ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት የማይችል። ማንም ባይሾመውም የመንገዱ ኃላፊ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ነዋሪዎቹ ገና አልተዋወቁም ማለት ነው። ፓኪስታን ውስጥ፣ ጄለም በምትባል ከተማ፣ የእኛ ሰፈር ሹም ክቡር ቻቻ ማንዙር ናቸው። ቻቻ አጎት ማለት ነው። እርግጥ የማንም አጎት አይደሉም፣ ግን ሁላችንንም ይቆጡናል።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ሰባ» በምንላት ትንሽ ሞተር ከመንደር መንደር ዞረዋል። ከዚያ ሁሉ መንገድ ይዘው የተመለሱት አንድ ጥያቄ ነው። ሞተርህን አስነስተህ እግርህን ከመሬት ልታነሳ ስትል ከበራቸው ድምፅ ይመጣል፦ «የሚቆርጥ ነገር ይዘሃል?» አልያዝኩም ካልክ አትሄድም። ይዣለሁ ካልክም አትሄድም፣ ማየት አለባቸው።

የጎረቤታችን ልጅ ዳኒሽ አንድ ጊዜ በቢላ ሥራ ከምትታወቀው ከዋዚራባድ ክንዱን የሚያህል ጩቤ ገዝቶ፣ ወገቡ ላይ ታጥቆ መጣ። ቻቻ ዙሪያውን ዞረው አዩት።

«ማሻአላህ! በማን ላይ ልትዘምት ነው?»

«ለመንገድ ነው ቻቻ። አንድ ነገር ቢያጋጥመኝ...»

«መንገድ ላይ የሚያጋጥምህ የጭነት ገመድ ነው፤ ጎማህ ላይ የተጠመጠመ፣ ልጆች በነፋስ የሚያበሩት የካይት ክር ነው። ይሄ ግን ስትወድቅ መጀመሪያ የሚወጋው አንተን ነው። ከተረፍክ ደግሞ ፖሊሱ ይጠይቅሃል።»

ዳኒሽ ጩቤውን ለእናቱ ሰጠ። አሁን አበባ ጎመን ትቆርጥበታለች።

የጎረቤታችን የሹጃት ሠርግ ዕለት የሆነውንስ ባልናገር ይሻላል፣ ግን እናገራለሁ። ሙሽራው ከግንባሩ እስከ ባቱ የአበባ ክር ተንዘርፍፎለት ሞተሩ ላይ ወጣ። ከበሮው ይመታል፣ እናቱ ያለቅሳሉ። ቻቻ ከሕዝቡ መሃል ብቅ ብለው ሰንጢያቸውን መዘዙና ከጉልበቱ በታች ያለውን አበባ ሙልጭ አድርገው ቆረጡት። «ካቴናው ውስጥ ይገባል» አሉ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። የሙሽራው እናት የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን እስኪያቅፉ ድረስ አላናገሯቸውም።

እውነቱን ለመናገር የቻቻ ስለታም ነገሮች ዕድሜያቸውን የጨረሱት ብርቱካን ሲልጡ ነው። ብርድ ሲገባ በራቸው ላይ የገመድ አልጋቸውን ዘርግተው፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በጥቁር ጨው ብርቱካን ያበላሉ። ሰንጢ አላቸው፣ ከተር አላቸው፣ ሽቦ የሚቆርጥ ፒንሳ አላቸው፣ ታጣፊ መጋዝ አላቸው። የሌላቸው መቀስ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ መቀስ ባዶውን ካንቀጫቀጩት ቤት ውስጥ ጠብ ይገባል ይባላል፤ ባለቤታቸው ቻቺ ናሲም ደግሞ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ በዚህ አይደራደሩም።

«መቀስ እጁ ከገባ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ነው» ይላሉ ቻቺ። «የሚመጣውን ጠብ ማን ይጣላለት?»

ቻቻም መቀስን ናቁት። «እሱ የጨርቅ ነው፣ የመንገድ አይደለም» እያሉ አለፉት።

እኔ የማስተማር ሥራ ያገኘሁት ከቦዩ ማዶ ባለች መንደር ነው። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። የአባቴ ሰባ ግን ግቢያችን ውስጥ ቆማለች፤ መንዳቱንም ወንድሜ አስተምሮኛል። ካልነዳሁ ሥራው ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ እኔም ቤት ቁጭ ብዬ ባል እጠብቃለሁ። አባቴን ስለምነው ሰነበትኩ። በመጨረሻ «ማንዙር ሳሂብ ይሁን ካሉ ይሁን» አለኝ። ይህን ያለው እምቢ እንደሚሉ አውቆ ነው። እሳቸው ለወንዱም ይሁን ብለው አያውቁም።

ቻቻ አላሳፈሩትም። የሚቆርጥ ንብረታቸውን ሁሉ የገመድ አልጋው ላይ ደርድረው ጠሩኝ። አባቴ እጁን አጣምሮ ቆመ፣ ሰፈሩም ወጣ።

«አንዱን ምረጪ» አሉኝ። «ሞተሩ ወድቆብሻል፣ ዱፓታሽ ካቴናው ውስጥ ገብቷል፣ አንገትሽን ይዞታል። በየትኛው ትቆርጫለሽ?»

ዱፓታ ያው እዚህ ሴቱ ሁሉ አንገቱ ላይ የሚጥለው ረዥም ሻርፕ ነው። ሰንጢውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝ።

«እንዲህ በቃል አይሆንም፤ በተግባር ነው። አንቺን መንገድ ላይ ባስተኛሽ ግን አባትሽ ይገድለኛል።»

ስለዚህ ራሳቸው ተኙ። ከልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ያገኙትን የቻቺን ዱፓታ አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ሞተሩን ጎናቸው ላይ አጋደሙ፣ የዱፓታውን ጫፍ ካቴናው ውስጥ ከተቱና የኋላውን ጎማ በእጃቸው አሽከረከሩት። ካቴናው ነክሶ ያዘ። እንደገና አሽከረከሩት፣ ይበልጥ ያዘ። ጉንጫቸው ጎማው ላይ ተለጠፈ።

«አያችሁ?» አሉ መጀመሪያ። ቀጥሎ «አንሱልኝ» አሉ። ከዚያ መጮህ ጀመሩ።

ሞተሩን ባነሱት ቁጥር አንገታቸው አብሮ ይነሳል። ሁሉም ሰው የየራሱን ምክር ይጮሃል። ሥጋ ሻጩ ካራውን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«እሱን ሰውዬ አርቁልኝ!» አሉ ቻቻ በታነቀ ድምፅ።

አልጋው ላይ ያለውን ሁሉ አየሁት፣ ወይ ጫፉ ሹል ነው፣ ወይ ጨርቅ አይቆርጥም። ጨርቁ ቆዳቸው ውስጥ ሰምጧል። ፊታቸው ሲጠቁር ሳይ ደነገጥኩ፤ ሥራውንም፣ ሞተሩንም፣ አባቴንም ረሳሁት።

«ቻቺ! መቀስ!»

ቻቺ ከስፌት መኪናቸው ሥር መቀሱን መዘው በባዶ እግራቸው ወጡ። ሁለት ጣቴን በጨርቁና በአንገታቸው መሃል በግድ አስገባሁና፣ መቀሱን በጣቶቼ ላይ አንሸራትቼ አስጠጋሁት።

«ቁረጪው ልጄ!» አሉ ቻቺ። «የኢድ ዱፓታዬ ነው፣ ግን ቁረጪው!»

ቆረጥኩት። ቻቻ መሬቱ ላይ ተዘርግተው ሳሉ፣ ቻቺ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ትከሻቸውን በጥፊ መቱት፤ ከዚያ ያንኑ ትከሻ አቅፈው አለቀሱ።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «በቃ። አየሽ አይደል ኢራም? እሳቸው እንኳ እንዲህ ከሆኑ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው? ግቢ ወደ ቤት።»

ያለው እውነት ይመስላል። ዞሬ ልሄድ ስል ቻቻ ተነሱ። አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ አባቴን በስሙ ጠሩት።

«አኽላቅ፣ ቆይ። የተያዝኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ጮህኩ፣ እሷ ግን አልጮኸችም። መጀመሪያ ጣቷን አስገባች፣ አየሃት? ይሄን እኔ አላስተማርኳትም። እኔ አላውቀውም ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «መቀሱንም ቢሆን... ስለ መቀስ ተሳስቻለሁ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ቻቻ ማንዙር ተሳስቻለሁ ሲሉ የሰማ ሰው አልነበረም፤ ቻቺም ጭምር። ሠርግ አበላሽተው ይቅርታ ያልጠየቁ ሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ በቆመበት፣ ለእኔ ሲሉ ያን ቃል ከአፋቸው አወጡት።

«ይሁን ብያለሁ» አሉ አባቴን እያዩ። «ትንዳ።»

አባቴ ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ግን ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ የሰባዋን ጎማ እየነፋ አገኘሁት። ቻቻ የመቀሱን ጫፍ ድንጋይ ላይ ሞርደው፣ አድቦልቡለው ላኩልኝ። ከወገቤ በግራ በኩል በክር ታስሮ እንዲንጠለጠል፣ ስወድቅ የማልደርስበት ሳጥን ውስጥ እንዳይገባ ታዘዝኩ። ለቻቺም ከመጀመሪያ ደሞዜ አዲስ ዱፓታ ገዛሁላቸው፤ ቀለሙን አልወደዱትም።

ያ ከሆነ ዓመታት አለፉ። አሁን የቻቻ ጉልበት አልታጠፍ ብሏል፣ ሞተራቸውንም ሸጠዋል። ዓርብ ዓርብ ወደ መስጊድ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። እግራቸውን ማንፈራጠጥ ስለማይችሉ እንደ ሴቶቹ ወደ ጎን ዞረው ከኋላዬ ይቀመጣሉ፤ ሰፈሩ ይስቃል፣ እሳቸው ይሳደባሉ። ከመነሳታችን በፊት እወርድና የወፍራም ሻላቸውን ጫፍ ሰብስቤ ከጭናቸው ሥር እሸጉጥላቸዋለሁ። የማንንም ምክር የማይሰሙት ሰው ክንዳቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣ እስክጨርስ ይጠብቁኛል።

«ጨረስሽ?» ይሉኛል።

«ጨረስኩ ቻቻ። ያዙኝ።»

ይይዙኛል።