ከጀርባ የሚቆሙት ሐኪም

የማህፀን ሐኪም የሚያሰለጥን ሆስፒታል ሁሉ፣ መድኃኒት ቢያጣ እኒህን ሰው አያጣም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሰልጣኙ ጀርባ ይቆማሉ። አይነኩም፣ አያግዙም፣ ብቻ ይተነፍሳሉ። ሰልጣኞቹ «ክቡር ትንፋሽ» ይሏቸዋል፤ እርግጥ በሌሉበት።

ሥልጠናው ዓመት ቆጥሮ የሚያስመርቅ አይደለም። ሰልጣኙ እያንዳንዱን ሥራ ብቻውን መሥራት መቻሉ በዓይን ታይቶ ነው የሚያልፈው። ሕጉ ለክቡርነታቸው ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። «ዓመትማ ማንንም ያስረጃል» ይላሉ። የተጣደፈ ካገኙ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይጨምራሉ። «እሳቸው ዘንድ እኮ ዶሮም ሆኖ አያልፍም» ይላሉ ሰልጣኞቹ። አንዲት ስፌት ደጋግመው እያስፈቱ ምሳ ያስቀሩት ስንቱን ነው። የወላዷን ስም ሳይጠይቅ ጓንት ያጠለቀውንማ ከበር መልሰውታል።

ያን ሰሞን ሳያሳልፏት የቀረች አንዲት ዝምተኛ ሐኪም ነበረች። ያልታየላት የሕፃኑን ጭንቅላት በቫኪዩም መሣሪያ ስቦ ማዋለድ ብቻ ነው። አብረዋት የጀመሩት ስፔሻሊስት ተብለው ሄደዋል። እናቷ በስልክ «ልጄ፣ አሁንም አልጨረስሽም?» ባለቻት ቁጥር «ትንሽ ቀረኝ» ትላለች። አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ምጥ ጠናባት። መሣሪያው ተዘጋጀ፤ ክቡርነታቸውም ቦታቸውን ያዙ።

«ዶክተርዬ፣ በናትሽ ሳቢልኝ፣ ደከመኝ» አለች ሴትዮዋ።

ሐኪሟ መረመረቻት፤ የልጁን የልብ ምት አዳመጠች። መሣሪያውን ብታነሳ ያን ቀን ከሥልጠናው ትገላገል ነበር። ወላዷ ደክሟታል ብትል ማን ይከራከራታል? ልቧም ቋምጧል።

«አይዞሽ እህቴ፣ ልጅሽ ደህና ነው፤ ራሱ እየመጣ ነው። በርቺ» አለችና መሣሪያውን ለአዋላጇ መለሰች።

«ካልሳብሽ ዛሬም አላሳልፍሽም» አሏት ከኋላ።

«አውቃለሁ ዶክተር። ግን አያስፈልጋትም።»

በሩ ሲከፈት ሰማች። ሰውየው ምጥ ሳያልቅ ከክፍሉ ወጥተው አያውቁም። አስቀየምኳቸው ብላ ክው አለች። በሩ ገርበብ እንዳለ ስለቀረ፣ የሴትዮዋ ባል ኮሪደሩ ላይ ሲያስቆማቸው ይሰማል።

«ምነው ዶክተር፣ ሚስቴን ለማን ጥለዋት ወጡ?»

«ለሐኪሟ» አሉት። «እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? ና፣ ቁጭ እንበል።»

ዓይኗን እንባ ሞላው። ማበሻ ጊዜ ግን አልነበራትም፤ የልጁ ጭንቅላት ብቅ ብሏል።