ሰምሰም የተባለችው መኪና በገብር ኄር ሰንበት ዘይት አጥታ እንደ ወደቀችና በግመል እንደ ገባች

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ኀምሳ ሁለት ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ መጋቢት፣ ሚዛን የሚሰግድላቸው፣ ማኅተም የማይዛነፍባቸው፣ ባርኔጣቸው በድሬ ዳዋ ነፋስ የማይወድቅ፣ የባቡር ጣቢያው የዕቃ ጸሐፊ ጌታ ሀብተ ማርያም መሪ በጨበጡ በሦስተኛው ዓመት የሆነው ነገር ይህ ነው። ያየነውን ሳንቀንስ፣ ያላየነውንም ያዩት እንዳጫወቱን ትንሽ አስጊጠን እንጽፋለን። ጌጥ የሌለውን ዜና መዋዕልማ ማን ያነባል?

አስቀድሞ ስለ ሰምሰም ይነገር። ሰምሰም መኪና ናት። መልኳ አረንጓዴ፣ ዓይኗ ክብ፣ በሯ ሁለት፣ ድምፅዋ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሲሆን፣ ከአገር ሊወጣ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ ግሪካዊ ነጋዴ ጌታ ሀብተ ማርያምና ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው፣ በመጋላ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ክንድ ለክተው ስንዝር የሚመርቁ ጌታ ዑመር፣ እኩል አዋጥተው ገዟት። ጌታ ዑመር ሰምሰም ብለው ስም አወጡላት፤ ጌታ ሀብተ ማርያም ደግሞ የቁልቢ ጠበል ረጩባት፤ እርሷም በሁለቱም ደስ ተሰኝታ ያለ ገፊ ተነሣች። ዘመኗንም እንዲህ ተካፈሉት፦ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ የሀብተ ማርያም መንግሥት፣ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ የዑመር መንግሥት። ቅዳሜ ግን ሁለቱ ጌቶች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በአንድ ባልዲ ያጥቧት ነበር፤ መንደሩም ቆሞ ያይ ነበር።

በግዢው ቀን፣ እጁ ከዘይት ጸድቶ የማያውቅ፣ የሞተር ሐኪም፣ መካኒክ ሽሬ፣ ዘይቷን እስከ ልኩ ሞልቶ፣ አንድ የታሸገ ጣሳም ከኋላዋ አኑሮ፣ እንዲህ ሲል ዐዋጅ ነገረ፦ «ዋሪያ፣ ስሙ! መኪና ቤንዚን ብቻ አይደለም የምትጠጣው። በየሳምንቱ ኮፈኑን ክፈቱ፣ መለኪያ ብረቱን አውጡ፣ ዘይቷን እዩ። ጣሳው ከኋላ ነው። የመኪናዋ ባለቤት እኔ አይደለሁም፣ እናንተ ናችሁ። ሽሬ አልነገረንም እንዳትሉ፣ ወላሂ ነግሬአለሁ!»

ዐዋጁ ተሰማ፤ ኮፈኑ ግን አልተከፈተም። ይህም ከስንፍና አልነበረም፣ ከይሉኝታ ነበር እንጂ። ጌታ ሀብተ ማርያም እጃቸውን ወደ ኮፈኑ በዘረጉ ቁጥር ልባቸው እንዲህ ይላቸው ነበር፦ ዑመር በመስኮት ቢያየኝስ? በተራዬ ዘይት አልጨመረም ብሎ ጠረጠረኝ አይልም? የጎረቤትን መሶብ ገልጦ እንጀራ እንደ መቁጠር አይሆንም? ደግሞስ ዑመር ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ሞልቶት ይሆናል። እንዲህም ብለው እጃቸውን መልሰው መስተዋቷን ይወለውሉ ነበር። ሰምሰም በመስተዋት በኩል እንከን አልነበረባትም።

በጥር ወር በእሑድ ቀን፣ ከመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት በራች። ጌታ ሀብተ ማርያም ደነገጡ፤ የዘይት መብራት መሆኗን ያውቃሉ። ዳሩ ግን ዑመር ሊያያት ነው፣ አይቶም በእኔ ተራ በራች ሊል ነው ብለው እጅግ ስላፈሩ፣ ከታኅሣሡ ንግሥ ያመጧትን የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል በትንሽ ሙጫ ከመብራቷ ላይ ለጠፏት። ማክሰኞ ማታም የወዳጃቸውን ሃይማኖት አክብረው ሥዕሏን በቀስታ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ፤ እሑድ መልሰው ለጠፉ። እንዲህ እያሉ ሦስት ወር ሆናቸው። የሚገርመው፣ ጌታ ዑመር ስለ መብራቷ አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም፤ ጌታ ሀብተ ማርያምም መብራቷ ለእርሳቸው ብቻ የምትበራ መሰላቸው።

በዚያም ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኝተው ነበርና ግድግዳው በሁለት በኩል ጾመ። የጌታ ዑመር እናት፣ የመልካ ጀብዱ እመቤት፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ጉልበታቸው የዛለ፣ ምላሳቸው ግን ያልዛለ፣ አዴ ኹርሲ፣ የረመዳንን የመጨረሻ ማፍጠሪያ ከልጃቸው ጋር መቁረስ ተመኙ። ጌታ ዑመር ግን በዒድ ዋዜማ ሱቃቸውን ጥለው መሄድ አይችሉም፤ ቀኑም እሑድ ነው፣ የእርሳቸው መንግሥት አይደለም፤ መኪናዋን መጠየቅም አፈሩ። ይህ በጆሮአቸው የደረሰ ጌታ ሀብተ ማርያም ከሱቁ ደጃፍ ቆመው፣ ደንበኛው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ብለው ዐወጁ፦ «የወዳጄ እናት እናቴ ናት! እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አዛን ሳይባል፣ በሰምሰም አምጥቼ ከቤቱ ደጅ ካላወረድኋቸው፣ ሀብተ ማርያም አትበሉኝ!» ጌታ ዑመርም እንባ እንባ አላቸውና ጨርቅ መለካት ጀመሩ።

እሑድ ደረሰ፤ የገብር ኄር ሰንበት ነበር። ጌታ ሀብተ ማርያም በቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ ጌታው መክሊት አደራ ስለ ሰጣቸው አገልጋዮች ሲነበብ ሰሙ። መክሊቱን ቀብሮ ስላስቀመጠው ሰነፍ አገልጋይ ሲሰበክ ቀኝ ጆሮአቸው ነደደ። ካህኑ በትክክል እርሳቸውን እያዩ የሚሰብኩ መሰላቸው። ስለዚህ ቤት እንደ ደረሱ ቆርጠው ወደ ሰምሰም ሄዱ፣ ኮፈኑንም ጨበጡ፤ ቀና ቢሉ ጌታ ዑመር በመስኮታቸው ቆመው ፈገግ ብለው እጅ ነሡ። ጌታ ሀብተ ማርያምም ኮፈኑን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አድርገው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ገቡና ቁልፉን አዞሩ።

ዘመቻውም ወጣ። ከፊት ጌታ ሀብተ ማርያም፣ በጎናቸው ባለቤታቸው የዳንቴል እመቤት ወይዘሮ የኔነሽ ከነጃንጥላቸው፣ ከኋላ አንድ እንስራ ውኃ፣ ሰንሰለቱን የበጠሰ አንድ የጎረቤት ውሻ እስከ ከተማው ጫፍ፣ ከዚያ ወዲያ አቧራ ብቻ። መልካ ጀብዱም በሰላም ደረሱ። አዴ ኹርሲ ከነምንጣፋቸው፣ ከነጀበናቸው ከፊት ተቀመጡ፤ ወይዘሮ የኔነሽም ለዒድ ከተዘጋጀው ፍየል ጋር ወደ ኋላ ተዛወሩ፤ ስለዚህ ዝውውር የተናገሩትን ዜና መዋዕል አይመዘግብም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ድንጋይ በምታበስልበት ጊዜ፣ በመንገዱ እኩሌታ ላይ፣ ከሰምሰም ሆድ ጠጠር በብረት ምጣድ ሲቆላ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ጌታ ሀብተ ማርያም እንዳልሰሙ ሆኑ። ድምፁ ጨመረ፤ እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ዝናብ እጥረት ማውራት ጀመሩ። ከዚያም አንድ ጊዜ ጓ አለ፤ ፍየሉ ጮኸ፤ ጢስ ወጣ፤ ብረት ከብረት ተናክሶ ሰምሰም ቀጥ ብላ ቆመች። ወይ ሰምሰም! ወይ የሦስት ዓመት ቅዳሜ! ጌታ ሀብተ ማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ይህንንም በነፋስ እንኳ አድርገውት አያውቁም። ያዘኑት ግን ለሞተሩ ብቻ አይደለም። አዴ ኹርሲ አንድ እርምጃ መራመድ አይችሉም፣ ፀሐይዋም አትጠብቅም፣ ዑመርም በደጁ ቆሞ መንገድ መንገድ እያየ ነው። ይህን ወዳጅ በቀይ መብራት ላጣው ነው ብለው ከልባቸው ፈሩ።

በዚያን ጊዜ እንጨት ሸጦ የሚመለስ፣ የአራት ግመሎች አለቃ፣ ኢስማዒል የሚባል ሰው መጣ። ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ እንዲህ ዐወጀ፦ «ይህቺ ነገር ሞታለች፤ ግን እግር አላት። ግመሎቼ ደግሞ እግርም ነፍስም አላቸው። ገመድ አምጡ! አዴ ኹርሲማ በረመዳን መንገድ ላይ አይቀሩም፣ ወላሂ!» ገመድ መጣ፤ ሁለት ግመሎች ከፊት ተጠመዱ፤ ጌታ ሀብተ ማርያምም ማርሹን አላቅቀው መሪያቸውን ጨበጡና ሰምሰም ከሞተች በኋላ መጓዝ ጀመረች።

የተከተላቸውም ሕዝብ ይህ ነው፦ ሁለት ባዶ ግመሎች፣ በአህያ ውኃ የጫኑ ሦስት ሴቶች፣ ብስክሌቱን እየገፋ የሚስቅ አንድ ፖስተኛ፣ ከከተማው ጫፍ ጠብቆ የተቀበላቸው ያ ውሻ፣ ከዚያም ቁጥሩን ጸሐፊ የማይችለው ወሬኛ። ጌታ ሀብተ ማርያም ድል አድርጎ እንደሚገባ ሰው ቀጥ ብለው ክላክስ ያስጮኹ ነበር። ክላክሷም ቁልፍ ካልተከፈተ አትጮህምና ቁልፉን ከፍተውት ነበር።

ቁልፉ ሲከፈት ቀዩዋ መብራት ከወረቀቱ ጀርባ በራች። ፀሐይ እየደከመች ነበርና የቅዱስ ገብርኤል ፊት ቀላ፤ ክንፉም ፍም መሰለ። ወይዘሮ የኔነሽ ከፍየሉ ትከሻ በላይ ይህን አይተው ተአምር ነው ብለው እልል አሉ፤ ውኃ የጫኑትም ሴቶች ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ እልል አሉ። አዴ ኹርሲ ግን ጎንበስ ብለው፣ በሁለት ጣታቸው የሥዕሉን ጠርዝ በአክብሮት ገለጥ አደረጉና መብራቷን አዩ፤ ከዚያም ጌታ ሀብተ ማርያምን አዩ። ጌታ ሀብተ ማርያም ከዚያ አስተያየት ይልቅ ግመሎቹ ቢረግጧቸው በወደዱ።

ለአዛን ጥቂት ሲቀር ከጌታ ዑመር ደጅ ደረሱ። ጌታ ዑመር ሮጠው የእናታቸውን ጉልበት ሳሙ፤ ግመሎቹን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ሽሬም ተጠርቶ መጣ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፈኑ ተነሣ፤ መለኪያ ብረቱ ወጣ፤ ደረቅ ነበር፤ ሽሬ በነጭ ሸሚዙ ቢጠርገው ሸሚዙ አልቆሸሸም። ቀጥሎ ከኋላ ያኖረውን ጣሳ ከነማሸጊያው አወጣ፤ ራሱን ይዞ መሬት ተቀመጠ። መፍቻ ፍለጋም የዕቃ ማኖሪያውን መሳቢያ ቢከፍት፣ አንዲት ቁራጭ አረንጓዴ ጨርቅ ከነመርፌ ቁልፏ ወጣች። ልኳ የቀይ መብራቷ ልክ ነበር። ጨርቋን ሁሉም ያውቃታል፤ ከጌታ ዑመር ሱቅ ናት። ጌታ ዑመር አንገታቸውን ደፍተው፣ ከጥር ጀምሮ ነው አሉ፤ ረቡዕ ረቡዕ እየተለበሰች ዓርብ ማታ የምትወልቅ የመብራት ልብስ ነበረች።

ያን ጊዜ አዴ ኹርሲ ከመቀመጫቸው ሳይወርዱ፣ አንደኛው እጃቸው ሥዕሏን፣ ሁለተኛው ጨርቋን ይዞ፣ ለሕዝቡ ሁሉ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ዋሪያ ዑመር፣ ዋሪያ ሀብቴ፣ ስሙኝ! ይህቺ መብራት ሦስት ወር ሙሉ ዘይት ስጡኝ አለች። አንዱ መልአክ ጋረደባት፣ አንዱ ጨርቅ አለበሳት። የእኔ ዓይን ደክሟል፣ ግን በአንድ መንገድ አየኋት፤ እናንተ አራት ዓይን ይዛችሁ! ሰው ወዳጁን ስላፈረ መኪና ትሙት? ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኑ ይከፈት። አንዱ ክዳኑን ይያዝ፣ አንዱ ብረቱን ያውጣ። ያላየ ሰው እኔ ካለሁበት ሻይ የለውም። አሁን ዝም በሉ፣ አዛን ነው።»

እውነትም አዛን ሆነ። ጌታ ሀብተ ማርያም ቃላቸውን ጠብቀው ነበር፤ ሆኖም ማንም ሳይጠራቸው ወደ ቤታቸው ሊገቡ ፊታቸውን አዞሩ። ጌታ ዑመር ግን እጃቸውን ይዘው አስገቧቸውና አንድ ሳህን ለብቻ አቀረቡላቸው፤ ጾማቸውን አውቀው ከጠዋት ጀምሮ በምስር ብቻ ያሠሩላቸው ሰንቡሳ ነበር። ጌታ ሀብተ ማርያም አንዱን አንሥተው መጉረስ አቃታቸው፤ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባቸው። ጌታ ዑመርም ያንኑ አደረጉ። ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች እንዲህ ሲሆኑ ፍየሉ በመስኮት ያይ ነበር።

ሰምሰም ሁለት ወር ከሽሬ ዘንድ ተኝታ፣ ሆዷ ታድሶ፣ በግንቦት ተመለሰች። በመጀመሪያው ቅዳሜ መንደሩ ሁሉ ወጣ። ጌታ ሀብተ ማርያም ኮፈኑን አነሡ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ከዚያም ብረቱን ለማውጣት ጌታ ሀብተ ማርያም ጌታ ዑመርን ይቅደሙ አሉ፤ ጌታ ዑመር ደግሞ እግዜር ያሳይዎ፣ እርስዎ እያሉ፣ እንዴት ብዬ፣ አሉ፤ ጌታ ሀብተ ማርያም በሞቴ አሉ፤ ጌታ ዑመር አልደፍርም አሉ፤ እንዲህም እየተገባበዙ ፀሐይ ከራሳቸው በላይ ደረሰች። በመጨረሻ ከዒድ ወዲህ በልጃቸው ቤት የቀሩት አዴ ኹርሲ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው በእግራቸው መጥተው፣ በመካከላቸው ገብተው ብረቱን መዘው አወጡት። ዘይቱ እስከ ልኩ ሞልቶ ያበራ ነበር።

ስለዚህ ለጌታ ሀብተ ማርያም፣ የሞተ ሞተር እየነዳ ቃሉን ለጠበቀ፣ በግመል እየተጎተተ ክላክስ ለነፋ፣ ክብር ይሁን፤ ለጌታ ዑመርም፣ በይሉኝታ ለማይበለጥ ወዳጁ፣ ክብር ይሁን፤ ከሁሉም በላይ ግን በድሬ ዳዋ ምድር ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ብረት ለሚመዙት፣ ዐቃቤ ዘይት ወመብራት፣ ለአዴ ኹርሲ፣ ጉልበታቸው ይጽና፣ ሻያቸውም አይቋረጥብን።