ወይዘሮ ሜርል ስለ ቲንከር የጻፉት

በየትኛውም ማኅበር ውስጥ፣ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እጇን አንሥታ «ኋላ እንዳንወቀስ» የምትል አንዲት ሴት አትጠፋም። በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያዋ በርኒ ከተማ፣ የተጣሉ እንስሳትን በሚያነሣው ማኅበር ውስጥ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ ሜርል ተክዌል ነበሩ።

በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ስለ እንስሳቱ የሚጽፉት እርሳቸው ናቸው። ሌላው «ፍቅር የተራበ» ብሎ የሚያልፈውን ውሻ፣ ሜርል «ሶፋ ይበላል፤ ፈሱም ቤት ያስለቅቃል» ይሉታል። አንዷን ድመት «ትንቃችኋለች» ብለው አውጥተዋታል።

«ሜርልዬ፣ እኛ እኮ የምንጽፈው ሰው እንዲወስዳቸው ነው» ይሏቸዋል ሊቀ መንበሩ ክላይቭ።

«ወስዶ ቢመልሳቸውስ?»

ቲንከር የተባለው አንድ ዓይና ሽማግሌ ውሻ ሲመጣ፣ ክላይቭ ጽሑፉን ከሜርል ነጥቀው ራሳቸው ጻፉ፤ «ረጋ ያለ፣ ለማንም ቤት የሚሆን»። ወዲያው ተወሰደ። ነጎድጓድ በመታ ቀን የወሰዱትን ሰዎች በር ቦጫጭቆ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሜርል ዶሮ በእጃቸው ቢያቀርቡለትም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ደግሞ ቢመለስ የሚተርፍ አይመስለኝም» አለች የማኅበሩ የእንስሳት ሐኪም።

ሜርል ጨነቃቸው። እውነቱን ቢጽፉ ማን ይወስደዋል? ቢደብቁ ይመለሳል። በመጨረሻ ጻፉ፦ «አርጅቷል። ነጎድጓድ ያስፈራዋል። ያን ጊዜ አብሮት ወለል ላይ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል።»

ሳምንታት አለፉ፤ ማንም አልደወለም። 

አንድ ቀን ሊንድሴ ኦር የሚባሉ፣ የወደብ ሠራተኛ የነበሩ ጡረተኛ መጡ። «ወለል ላይ መቀመጡንስ እችላለሁ» አሉ፤ «ችግሩ መነሣቱ ነው።»

ሜርል በመደሰት ፈንታ ደነገጡ። «ቤትዎ ደረጃ አለው? በሩ ከምንድን ነው የተሠራው? እርስዎ ቢታመሙስ?»

«እሜቴ፣ ውሻ ነው የሚሰጡኝ ወይስ ልጅዎን ነው የሚድሩልኝ?»

ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ደመና ባዩ ቁጥር ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ አጓራ። ስልኩ ጮኸ። ሊንድሴ ናቸው።

«ወይዘሮ ሜርል፣ ሳይጽፉት የቀሩት ነገር አለ።»

«ምን አደረገ? በሩን ነው?»

«ያንኮራፋል። ነጎድጓዱን እንኳ አላሰማ አለኝ።»

ሜርል ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ፤ «አላወቅሁም። እኛ ዘንድ እንዲህ ተኝቶ አያውቅም።»