አማቴ የጸለዩለት ቻርጀር

እኛ አገር ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም! አታምኑኝም? እስቲ አሁን ቀና በሉና ሳሎናችሁን ተመልከቱ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ፍሪጁ ዳንቴል ለብሷል፣ ሶፋው በዳንቴሉ ላይ ሌላ ጨርቅ ደርቧል፣ ሪሞቱ ደግሞ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው። የኛ ቤት የዋይፋይ ሳጥን እንኳ ባለ አበባ ዳንቴል ለብሶ፣ አንቴናዎቹን በቀዳዳ አሹልኮ፣ ሊመረቅ እንደተዘጋጀ ተማሪ አጊጦ ቆሟል።

ይህን ሁሉ የሚያለብሱት አማቴ እማማ አስቴር ናቸው። እማማ አስቴር ከሆሳዕና መጥተው ኮልፌ ከከተሙ ብዙ ዘመናቸው ነው። ዕድሜያቸውን ገበያ ላይ ቅቤ ሲነግዱ ኖረው፣ አሁን «በቃኝ» ብለው ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤታቸው ቁጭ ብለዋል። ቁጭ ያለው ግን ወገባቸው ነው እንጂ እጃቸው አይደለም። ኪሮሻቸውን ይዘው ዓይናቸው ያረፈበትን ሁሉ ያለብሳሉ።

እኔና ባለቤቴ ሊዲያ ያቺን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና የገዛን ሰሞን ሊመርቁልን መጡ። መረቁ፣ ጸለዩ፣ ዙሪያዋን ዞሩ፣ ገብተው ተቀመጡ፣ ከዚያ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ያለችውን ጥቁር ለስላሳ ሰሌዳ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«ስልክ መሙያ ናት እማማ። ያለ ገመድ ነው የምትሞላው። ስልኩን ላይዋ ማስቀመጥ ብቻ ነው።»

«ያለ ገመድ?»

«ያለ ገመድ!»

«ታዲያ እንዲህ ያለች ብርቅ ነገር እንዴት ራቁቷን ትቀመጣለች?»

ብዙም ሳይቆይ ዳንቴሏ ደረሰች። ነጭ ናት፣ ጠርዟ ሰማያዊ፣ ሰሌዳዋ ላይ ልክክ ያለች! ደግሞ ከበድ ትላለች። መስኮት ብትከፍቱ፣ ኮረኮንች ላይ ብትነዱ ንቅንቅ የለም። «የእማማ እጅ እኮ!» ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ።

«ሰውዬ፣ ገመድ አትሰካም ወይ?» የምትሉኝ አትጠፉም። የስልኬ ቀዳዳ ላልቷል። ቤት ውስጥ ገመዱን በላስቲክ ጠፍሬ፣ ትራስ አስደግፌ፣ እንደ ታማሚ በጎኑ አጋድሜ፣ በአጠገቡ ሰው እንዳያልፍ ከልክዬ ነው የምሞላው። ይህ ሥርዓት ቀራንዮ ሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ አይሠራም። እውነቱን ልንገራችሁ... መኪናዋን የመረጥኳት ለዚህች ጥቁር ሰሌዳ ብዬ ነው። ለሊዲያ ግን «ነዳጅ ስለማትጠጣ» ነው ያልኳት።

መከራዬ የጀመረው እማማ ሆሳዕና ያለችውን እህታቸውን ጠይቀው የተመለሱ ዕለት ነው። አየር ጤና ሲወርዱ ሊደውሉልኝ፣ እኔም ከተፍ ብዬ ላነሳቸው ተስማምተናል። ስልኬን ዳንቴሏ ላይ ጋደም አደረግኩና መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ጥሪያቸውን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ... እሳቸው ለካ ወርደው፣ የቆጮ ጭነታቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ዝናብ እየወረደባቸው ሲደውሉ ኖሯል። ስልኬ ሞቶ ነበራ! መጨረሻ ላይ በባጃጅ፣ ውሃ እየተንጠባጠበላቸው ቤታቸው ገቡ።

ሮጬ ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። እማማ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ባታነሳም ያቺ ሴትዮ አነሳችልኝ» አሉኝ። «‹ሊያገኟቸው አይችሉም› አለችኝ። እኔም አመንኳት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» መባሌ ቀረ። «የሊዲያ ባል» ሆንኩ! «የሊዲያ ባል ይብላ»፣ «የሊዲያ ባል በሩን ይዝጋ»... እናንተዬ፣ ይህን ለሳቅ አይደለም የምነግራችሁ። እናቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝ። በዚህች ምድር ላይ «ልጄ» የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንጀቴ ነው የተቆረጠው።

ሊዲያ አማልዳ አማልዳ አንድ የመጨረሻ ዕድል አስፈቀደችልኝ። እማማ ለዘመድ ሰርግ እንደገና ሆሳዕና ሄደው ቅዳሜ ይመለሳሉ፤ የማነሳቸው እኔ ነኝ።

«ስልክህ ከጠፋ ግን» አለችኝ ጣቷን ቀስራ፣ «ከእማዬ ጋር ራስህ ተነጋገር። እኔ የለሁበትም!»

ስለዚህ ቻርጀሩ መሠራት አለበት። በሽታውን አስቀድሜ አጠናሁ። ስልኬን ባስቀመጥኩ ቁጥር ትንሿ መብራት ቀይ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ የመኪናዋ ስክሪን ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ ይደረደራል፣ መኪናዋ ውስጥ የምትኖረው ቻይናዊት ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ የሆነ ነገር ትለኛለች። እኔም ጨዋ ነኝና «እሺ» እላታለሁ።

«ምን እያለችህ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን ሊዲያ፣ በጎን እያየችኝ።

«‹እንኳን ደህና መጣህ› መሰለኝ።»

«በየደቂቃው?»

ጽሑፉን በስልኬ ላስተረጉመው ሞከርኩ። «በመጫን ላይ...» እንዳለ ስልኩ ሞተ።

አየር ጤና ዳጊ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ። ዳጊ ጎበዝ ነው ይባላል፤ በተለይ ራሱ ዳጊ ይለዋል። እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነው። የእማማን ነጭ ዳንቴል በዚያ እጅ ላስነካ? ሞቼ ነው! ገና ጋራዡ በር ላይ ስደርስ አንስቼ፣ በክብር አጣጥፌ፣ የውስጥ ኪሴ ከተትኩ።

ዳጊ ስልኬን ሰሌዳዋ ላይ አስቀመጠ። አረንጓዴ! የራሱን አስቀመጠ። አረንጓዴ!

«ይሠራላ!» አለኝ።

«ኧረ አይሠራም!»

«እያየኸው?»

አፍሬ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ዳንቴሏን ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ አስተካከልኩ፣ ስልኬን አስቀመጥኩ... ቀይ! ቻይናዊቷም በለሰለሰ ድምፅዋ ቀጠለች።

ተመለስኩ። ዳንቴሏን ወደ ኪሴ። አረንጓዴ! ቤት ሄድኩ። ዳንቴሏን ወደ ቦታዋ። ቀይ! (ምን ትስቃላችሁ? ዳር ቆሞ ማየት ቀላል ነው።) ዳጊ ፊውዙን ቀየረ፣ ሶኬቱን ነቅሎ ሰካ፣ «ሶፍትዌር ነው» አለ፣ «ሙቀት ነው» አለ፣ በመጨረሻ ጥልቅ ሐሳብ ውስጥ ገብቶ ወጣ።

«ወንድሜ፣ አየር ጤና ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል።»

«ቀራንዮ አይሠራም?»

«አይሠራም።»

«በቃ፣ ችግሩ ሰፈርህ ነው።»

ሰፈር ቀይር ሊለኝ ነው እኮ! «እሺ፣ ሴትዮዋስ?» አልኩት። «ቀዩ መብራት ሲበራ ደጋግማ አንድ ነገር ትላለች።»

«‹ቻርጀሩ አርጅቷል፣ ቀይረው› ነው የምትልህ።»

«ሳትሰማት?»

«ልምድ ነው» አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ።

ምን አማራጭ አለኝ? ቅዳሜ እየመጣ ነው። ዳጊ ከአንዲት የተጋጨች አምሳያ መኪና የተፈታ ቻርጀር አፈላልጎ አመጣ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ይህን አምድ ሊዲያም ታነበዋለች። ዳጊ ራሱ ቅዳሜ ጠዋት በመሀል ያለውን ክዳን ፈልቅቆ፣ አሮጌውን ነቅሎ፣ አዲሱን ሰክቶ፣ ክዳኑን በቡጢ መትቶ ቦታው መለሰው። ስልኬን አስቀመጥን። አረንጓዴ! ዳጊን አቅፌ ሳምኩት፤ ሸሚዜ ላይ የቀረው ግሪስ እስካሁን አልለቀቀም።

ማታውን ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ስላደረ ስልኬ የቀረችው እፍኝ ነፍስ ናት። ግድ የለኝም፤ አዲስ ቻርጀር አለኝ! እማማ ሲገቡ ዳንቴላቸውን በቦታዋ ማየት አለባቸው ብዬ አውጥቼ አለበስኩት፣ ስልኬን ላይዋ አጋደምኩ፣ እያፏጨሁ መሪዬን ጨበጥኩ።

ቀይ።

ፉጨቴን አቆምኩ። ቻይናዊቷ ዛሬ ደግሞ የተቆጣች መሰለኝ። «ምን አድርግ ነው የምትይኝ አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ጮህኩባት። የስልኬን ብርሃን ቀነስኩ፣ ኢንተርኔቱን አጠፋሁ፣ እኔም ትንፋሼን ቀነስኩ። ከዚያ ጥሪ ሳልጠብቅ በርሬ አየር ጤና ሄድኩና ከሆሳዕና የሚመጡት መኪኖች የሚያወርዱበት ቦታ ላይ ተተክዬ የወረደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ማየት ጀመርኩ።

ስልኬ ጠራ። «የሊዲያ ባል፣ አሁን ደር...» ጸጥ! ሞተ።

ደግነቱ እማማ ፊት ለፊቴ ነበሩ፤ ስልካቸውን ከጆሯቸው አንስተው በትዝብት እያዩት። ሮጬ ጭነታቸውን ተቀበልኩ፣ አስገባኋቸው፣ በሩን ዘጋሁ። ቀበቷቸውን ሳስር ቀስ ብለው «መልሼ ብደውል እንደገና ሴትዮዋ መጣች» አሉ።

ያኔ አንገቴን ደፋሁ። «እማማ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ጋራዥ ያልተመላለስኩበት ቀን የለም። ቻርጀሩን ራሱ ዛሬ ጠዋት በአዲስ አስቀየርኩት። እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?» አትታዘቡኝ፤ ትንሽ አልቅሻለሁ።

እማማ አዩኝና ሆዳቸው ባባ። «ታዲያ ጋራዥ ለጋራዥ ስትንከራተት ለምን ለኔ አልነገርከኝም? ና፣ እንጸልይበት።»

«ቻርጀሩ ላይ?»

«ለሱ የሚሳነው አለ?»

እጃቸውን ሊጭኑ ሲሉ ቆም አሉ። «በጨርቅ ላይ እጅ አይጫንም» ብለው ዳንቴሏን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አኖሯት። ከዚያ መዳፋቸውን ጥቁሯ ሰሌዳ ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህ የሊዲያ ባል ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ልፋቱን ተመልከትለት። ይህን ዕቃ የያዘ ማንኛውም እሥራት፣ በኢየሱስ ስም ይፈታ!»

«አሜን» አልኩ።

«አሁን አስቀምጠው።»

አስቀመጥኩት። አረንጓዴ!

«ሃሌ ሉያ!» ጩኸታቸው ታክሲ ተራ ድረስ ተሰማ፤ አንድ ረዳት ጥሪውን አቋርጦ ዞሮ አየን። «አየህ ልጄ! አየህ አይደል ልጄ!»

ልጄ... ሰማችሁልኝ? ሁለት ጊዜ! ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። እየሳምኩ ሳለ ዳንቴሏ ከጉልበታቸው ልትወድቅ ስትል ቀለብኳት። ጣቶቼ መሀል የሆነ ጠጣር ክብ ነገር ገባ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ።

«እማማ... ይህ ውስጧ የተሰፋው ምንድን ነው?»

«ሳንቲም ነዋ! ቅቤ ስነግድ የቅቤዬን መሸፈኛ ነፋስ እየገለጠ ሲያስቸግረኝ ሳንቲም እሰፋበት ነበር። ይኸው ያንተንም በመሀሉም በዳሩም አደረግኩበት። ንቅንቅ ብሎብህ ያውቃል?»

አያውቅም እማማ! ስልኬና ቻርጀሩም ተገናኝተው አያውቁም! ያቺ ምስኪን ቻይናዊት ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ «ብረቱን አንሳ፣ አንተ ሰው» እያለች ስትለምነኝ ኖራለች። ቀዩ መብራት፣ የዳጊ ጋራዥ፣ የሰፈሬ መታማት፣ አዲሱ ቻርጀር... ያ የዝናብ ቀንም! ቆጯቸው ላይ አስቀምጦ ያስደበደባቸው እኔ አይደለሁም፤ የገዛ ኪሮሻቸው ነው! ንጹሕ ሰው ነኝ! ማስረጃው እጄ ላይ ነው!

«እማማ፣ ያን ቀን ዝናብ ያስመታዎት እኮ...»

«ምን አልክ ልጄ?»

ፊታቸውን አየሁት። በደስታ በርቷል። «ልጄ» የምትለዋ ቃል ገና አፋቸው ላይ ናት።

«ምንም። አሜን ነው ያልኩት።»

«አሜን! ነገ ቸርች ከኔ ጋር ወጥተህ ትመሰክራለህ» አሉና ዳንቴሏን ከእጄ ወስደው፣ ስልኬን ብድግ አድርገው፣ ሰሌዳዋን በጥንቃቄ አለበሷትና ስልኬን መልሰው አጋደሙት። ቀይ። ቻይናዊቷ ልመናዋን ጀመረች። እማማ መብራቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ።

«አየህ፣ እምነትህ ነው የሚጎድለው፣ ልጄ።»

«ልክ ነዎት እማማ» አልኩና መኪናዬን አስነሳሁ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ እማማ ጋዜጣ አያነቡም፤ ሊዲያ፣ አንቺ ደግሞ አደራ! ከእንግዲህ ደውላችሁልኝ ስልኬ ዝግ ከሆነ አማቴን መኪናዬ ላይ አሳፍሬያለሁ ማለት ነው። ያቺ ሴትዮ «ሊያገኟቸው አይችሉም» ካለቻችሁ እመኗት። ልጅ ሆኜ ነው።